ተያዥ እስከ ዓርብ

«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያዩታል?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ በዕድሜ ከእህቴ ልጅ ብዙም አይበልጥም። ፊት ለፊቴ ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል፤ እሱ፣ አንድ ቃል የማይተነፍስ የሒሳብ ሠራተኛና የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት። ክፍሉ የሕፃናት መማሪያ ስለነበር የሰጡኝ ወንበር ጉልበቴን ወደ ደረቴ አስጠግቶታል። ከአምስት ዓመት በኋላ ስድሳን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። የት እንደምገኝ ጠያቂው ራሱ ሊገምት ይችል ነበር።

«እዚሁ፣ ንብረት ክፍል» አልኩት። «ቁልፉን ካልቀማችሁኝ።»

ርእሰ መምህርቷ ሳቀች። ልጁ ግን ጻፈው።

«ማዘር፣ ኮምፒውተር ላይ እንዴት ነዎት?»

ማዘር መባል አልወድም። ልጅ አልወለድኩም፤ ብወልድም እሱን አልወልድም ነበር። «እሠራበታለሁ» አልኩ። እድሜዬን በሙሉ የሠራሁት ንብረት ክፍል ነው። መጀመሪያ በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም ባለፈው ዓመት በሩን በዘጋ አንድ የግል ድርጅት። ጠመኔና መጥረጊያ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ ተረክቦ ማስረከብ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ይህን ለሦስቱም በአጭሩ ነገርኳቸው። ስወጣ ርእሰ መምህርቷ እስከ በሩ ሸኘችኝና «እንደውልልዎታለን» አለችኝ። ይህን ቃል ስንት ቦታ እንደሰማሁት ባልናገር ይሻላል።

ሐምሌ ሊያልቅ ነበር። ቀበና ወንዝ ሞልቶ፣ ጭቃ ተሸክሞ፣ ከድልድዩ ሥር እንደ ጭነት መኪና እያጓራ ይወርዳል። የምኖረው ከወንዙ በላይ፣ አራት ተከራዮች በአንድ በር በምንገባበት ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ነው። ታናሽ እህቴ ከሞተች ጀምሮ ልጅዋ ከእኔ ጋር ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ከሁለት ዓመት በላይ ያለ ሥራ ተቀምጣለች።

ያስቀመጥኳት ገንዘብ እስከ መስከረም ታደርሰን ነበር። ከመስከረም በኋላ ያለው ተቆርጦልኛል። ወንድሜ ደብረ ብርሃን ትልቅ ቤት ሠርቷል። በየሳምንቱ ይደውልና «ለምን ትቸገሪያለሽ፣ ነይ አብረን እንኑር፣ ቤቱ ሰፊ ነው» ይለኛል። እሱና ሚስቱ ሱቅ ሲውሉ ቤቱን የሚጠብቅ፣ ለልጆቻቸው ምሳ የሚያቀርብ ሰው እንደሚፈልጉ ግን አንድም ቀን አልነገረኝም። ሚስቱ ነግራኛለች። ባለፈው ፋሲካ ቤታቸው ብሄድ፣ እንግዳ ፊት «እሷ ከመጣች እኮ ሠራተኛዋን እናሰናብታለን» አለች። ወንድሜ ሰማ። ሥጋውን መቁረጥ ቀጠለ። እኔም ሰማሁ። ስለዚህ የዚያ ትምህርት ቤት ሥራ ለእኔ ደመወዝ ብቻ አልነበረም። በሬን በራሴ ቁልፍ ከፍቼ መግባት ወይም አለመግባት ነበር።

ስለ ቃለ መጠይቁ ለማንም አልተናገርኩም። በቤታችን ሕግ ሳይያዝ አይወራም። እናቴ በግ ልትገዛ ገበያ ስትወርድ እንኳ ለጎረቤት «ጠበል ልቀዳ ነው» ብላ ነበር የምትወጣው። በጉ ግቢ ገብቶ ሲጮህ ሰው ይሰማል፤ ያኔ የሚናገረው በጉ ራሱ ነው። የእህቴን ልጅም ያሳደግኳት በዚሁ ነው። ፈተና አልፋ ወረቀቱ እጇ ሳይገባ አፏን እንዳትከፍት አስተምሬያታለሁ። ጥሩ ተማሪ ነበረች።

ስልክ መጠበቅ ግን ግቢ ውስጥ ተቀምጦ አይሆንም። ጎረቤቶቼ ዓይን አላቸው። አንዷ ልብስ እያሰጣች «ያን ቀን ጥቁሩን ጉርድ ለብሰሽ ወዴት ነበር? ለቅሶ መስሎኝ ልከተልሽ ነበር» አለችኝ። «የጥርስ ሐኪም ቤት» አልኳት። «ለጥርስ እንደዚያ ይለበሳል እንዴ?» አለች። ሌላዋ ሳቀች። ደግነቱ ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ ጠዋት ነጠላ ደርቦ የሚወጣን ሰው ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ በየቀኑ እንጦጦ መውጣት ጀመርኩ። ሰው ለጾሙ መሰለው። እኔ የምወጣው ስልኩን ይዤ ከሰው ዓይን ለመራቅ ነበር። እግዚአብሔር ይህን ያውቃል፤ እሱን ስለማላታልለው አይከፋኝም።

በክረምት እንጦጦ ደስ የሚል ቦታ አይደለም። ጉሙ ባሕር ዛፉን እስከ ግንዱ ይውጠዋል። መንገዱ ያንሸራትታል። ከላይ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ወገባቸው ተቆልምሞ ሲወርዱ፣ ከሸክሙ ሥር ፊታቸው አይታይም፤ እግራቸው ብቻ ነው የሚመጣው። መንገድ እለቅላቸዋለሁ። አንዷ፣ በዕድሜ የማታንሰኝ፣ ሸክሟን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ስታርፍ «ባዶ እጅሽን ወጥተሽ ባዶ እጅሽን ትወርጃለሽ፤ ምን አጥተሽ ነው?» አለችኝ። «ልሳለም» አልኳት። «በየቀኑ?» አለች። ከዚያ በኋላ ሌላ መንገድ ያዝኩ።

ራጉኤል ቅጥር ሥር አንድ ድንጋይ አለኝ። ቅዳሴው እስኪያልቅ እዚያ እቀመጣለሁ፤ ስልኩን ነጠላዬ ውስጥ ጠቅልዬ። በተንቀጠቀጠ ቁጥር ፈትቼ አያለሁ። የቴሌ መልእክት ነው። ወይም ወንድሜ ነው። ወንድሜ ሲደውል አላነሳም።

በእነዚህ ቀናት የእህቴ ልጅም ቤት አትውልም። ጠዋት ሱሪዋን ተኩሳ ለብሳ «ላይብረሪ» ትልና ትወጣለች። ለላይብረሪ ሱሪ እንደማይተኮስ አላጣሁትም፤ አልጠየቅኩም። አንድ ምሽት ጓዳ ሆኜ ጓደኛዋን በስልክ ስትመክር ሰማኋት።

«ኢንተርቪው ጨርሰሽ ዝም ካልሽ እኮ ይረሱሻል። ታንክ ዩ ኢሜይል ላኪላቸው። ከዚያ ሳምንት ጠብቂና ፎሎው አፕ አድርጊ። ደግሞ ዶክመንትሽን አሁኑኑ ጨርሺ፤ ሲደውሉ ፋታ አይሰጡም።»

ምክሩን ሰማሁና ለራሴ ያዝኩት። ግማሹን ብቻ። በማግስቱ እንደዋዛ ጠየቅኳት።

«ኢሜይል እንዴት ነው የሚላከው?»

«ለማን?»

«እንዲሁ።»

«አክስቴ፣ አንቺ እንዲሁ የምታደርጊው ነገር የለም እኮ» አለችኝና አየችኝ። እኔም አየኋት። አሁን ሳስበው፣ ከሁለታችን አንዳችን ያን ጊዜ አንድ ቃል ብንናገር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ኢሜይሉንም አልላክሁም።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ርእሰ መምህርቷ ነበረች።

«እንኳን ደስ ያለዎት፤ ኮሚቴው እርስዎን መርጧል» አለችኝ። አመሰገንኳት። እሷም ቀጠለች፦ «አንድ ነገር ነው የሚቀረው። ንብረት ክፍል ስለሆነ ተያዥ ያስፈልገናል። ቋሚ ሠራተኛ፣ ደመወዙ ከእርስዎ ደመወዝ የማያንስ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የዋስትና ደብዳቤ የሚያመጣ። እስከ ዓርብ ይደርሳል?»

«ይደርሳል» አልኩ።

«ሰኞ ርክክብ ነው፤ ለዚያ ነው የማስቸኩልዎት። ተጠባባቂም ስላለ።»

ስልኩን ዘጋሁና ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ተያዥ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው፦ እኔ ንብረት ባጎድል በደመወዙ የሚከፍል፣ «አውቃታለሁ፣ ታማኝ ናት» ብሎ የሚፈርም ሰው ማለት ነው። ያለ ተያዥ ንብረት ክፍል አይገባም። ይህን ከማንም በላይ አውቀው ነበር። ግን የመጨረሻውን ተያዥ ካቀረብኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ያኔ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ሥራ ላይ ነበሩ። ዘንድሮ ጉሙ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አሰብኳቸው። አብረውኝ የሠሩት ጡረታ ወጥተዋል፤ ጡረተኛ ተያዥ አይሆንም። የሞቱትን ተውኳቸው። ወንድሜ ነጋዴ ነው፤ ተያዡ ደመወዝተኛ ይሁን ተብሏል። ከግቢያችን ተከራዮች ደመወዝ ያላት አንዲት መምህርት ብቻ ናት፤ እሷም ለባሏ ወንድም ፈርማ መሥሪያ ቤቷ ሁለተኛ አልሰጥም እንዳላት ለመላው ግቢ ስታማርር ሰምቻለሁ።

አንዲት ሴት ቀረች። ስሟን አልጠራም። የሚያውቃት ያውቃታል።

ወደዚያ መንግሥት መሥሪያ ቤት ከክፍለ ሀገር ስትመጣ በዚህ ከተማ አንድ ዘመድ አልነበራትም። ተያዥ አምጪ ሲሏት በረንዳው ላይ ቆማ አለቀሰች። እኔ ነኝ የፈረምኩላት። ካወቅኳት ሁለት ወር አይሞላም ነበር። ከዚያ ጎን ለጎን ሠራን፤ ምሳችንን ከአንድ ሳህን በላን። የክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሲወጣ ቦታው የእኔ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። እሷ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባችና «ሥራውን ታውቃለች፤ ሰው መቅረብ ግን አትችልም» አለችው። ይህን የነገረኝ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው፣ ለኔ አዝኖ አይደለም፣ ጥፋቱ የእሱ እንዳይመስለኝ ብሎ። ኃላፊነቱን ሰጧት። ጥቂት ጊዜ በሥሯ ሠራሁና ለቀቅኩ። እሷ እስከ ዛሬ እዚያው ናት። ባል አግብታ፣ ቤት ሠርታ፣ የባሏን ሃይማኖት ተቀብላ፣ ከድልድዩ ወዲያ ማዶ ትኖራለች። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ ያውም ሰው ስለሚያየን።

ከእንጦጦ ወርጄ የረቡዕን ቀሪ ቀን ቤቴ ዋልኩ። ሐሙስ እሷ ከሥራ በምትገባበት ሰዓት ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። ድልድዩ ላይ ቆሜ የምላትን ደጋገምኩ። «አንድ ጊዜ ፈርሜልሻለሁ፤ አሁን ተራው ያንቺ ነው።» ከዚህ በላይ ቃል አልጨምርም ብዬ ወሰንኩ። ልመና እንዳይመስል።

በሩን ራሷ ከፈተችው።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ግቢ፣ ግቢ። ጫማሽን አታውልቂ፤ ጭቃው የሁላችንም ነው።»

ሶፋው ላይ አስቀመጠችኝ። ዳንቴሉን ራሷ እንደሠራችው ነገረችኝ። ወተት ያለበት ሻይ አምጥታ ፊቴ ካስቀመጠች በኋላ ግንባሯን ያዘች። «ውይ፣ ፍልሰታ ነው ለካ! ይቅር በይኝ፣ ጥቁር ላምጣልሽ።» ሄዳ መጣች። እስክትመለስ ቃሌን አንድ ጊዜ በልቤ አልኩት። ከዚያ ሲኒውን አስቀመጥኩ፤ አፌንም ከፈትኩ።

«ይኸውልሽ» አለች እሷ ቀድማ፣ «ለምስጋና ከሆነ የመጣሽው አያስፈልግም ነበር። ጭራሽ በዚህ ዝናብ።»

ሲኒውን መልሼ አነሳሁ።

«ልጅቷ ስትመጣ እኮ ራሴን ነው ያየሁት። እዚያ በረንዳ ላይ ሳለቅስ። አንቺ አይደለሽ የፈረምሽልኝ? ስንት ዘመን ብድሬን ልመልስ ስል አላስቀርብ ብለሽኝ፣ ጌታ በራሱ መንገድ አመጣው። ባንክ መግባት ዛሬ ቀላል እንዳይመስልሽ። ሰኞ ዕለት ደብዳቤውን አስወጣሁላት። መሥሪያ ቤታችን ለአንድ ሠራተኛ አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ከእንግዲህ የወንድሜ ልጅ ቢመጣ እንኳ የለኝም። ለእሷ ግን አላወላወልኩም።»

የእህቴን ልጅ የተተኮሰ ሱሪ አሰብኩት። ሰኞ ዕለት ማለት እኔ ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ ስልክ ስጠብቅ ነው።

ፊቴ ላይ አንድ ነገር አይታ መሰለኝ ጎንበስ አለች። «አልነገረችሽም እንዴ?»

«ነገረችኝ እንጂ» አልኩ።

«እኔማ እሷ ሳትነግርሽ...»

«ነገረችኝ። ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት።»

አመሰገንኳት። ሙሉውን፣ በደንብ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ። እጄን ያዘች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እንባዋ የእውነት ነበር ብል ውሸት አይሆንም፤ እንዲያውም ያ ነው ያናደደኝ።

«ተባረኪ» አለች። «እኔ እኮ ለሰው ሁሉ እላለሁ፤ እሷ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ሰው መቅረብ ነው የማትችለው።»

ያው ቃል ነው። ቃሉን እንኳ አልለወጠችውም። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ያስቀመጠችውን፣ አሁን ፊት ለፊቴ ከጥቁር ሻይ ጋር አቀረበችልኝ። ያን ጊዜ የተናገረችው እኔን ለመጉዳት እንደሆነ ዕድሜዬን በሙሉ አምኜ ኖሬያለሁ። ሐሙስ ዕለት ግን እውነት መስሏት እንደተናገረችው ገባኝ። ይህ የባሰ ነው።

«አንቺስ?» አለችኝ ስትሸኘኝ። «ዝም ብለሽ መቀመጡ አይከብድሽም? ሥራ አትፈልጊም?»

«በዚህ ዕድሜ ምን ሥራ» አልኩ።

ድልድዩ ላይ ስደርስ ጃንጥላዬን እቤቷ እንደረሳሁት አወቅኩ። አልተመለስኩም።

ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ጋ ደወልኩ። ተያዥ አጣሁ ማለት በዚህ ከተማ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው የለም ማለት ነው። ያንን በአፌ ማለት አልቻልኩም። «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ ለተጠባባቂው ስጡት» አልኳት።

«ያሳዝናል» አለች ርእሰ መምህርቷ። «በተያዥ ምክንያት ከሆነ ትንሽ ቀን ልንጨምርልዎት እንችላለን። ይንገሩኝ።»

ጥሩ ሴት ነበረች። ዳግመኛ ባታገኘኝ እመርጣለሁ።

«በተያዥ አይደለም» አልኳት።

እሑድ ምሽት የእህቴ ልጅ ከፊቴ ተቀመጠችና እጆቿን ጉልበቷ መሃል ከተተች። ሕፃን ሆና ብርጭቆ የሰበረች ጊዜ እንዲህ ነበር የምትቀመጠው።

«አክስቴ፣ ነገ ሥራ እጀምራለሁ። ባንክ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ።»

«አልደነቀሽም?»

«ደንቆኛል።»

«ልነግርሽ ነበር፤ ግን ሳይያዝ አይወራም ያልሽኝ አንቺ ነሽ እኮ።»

«ልክ ነው። ተያዥሽ ማነው?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አትቆጪም?»

«አልቆጣም።»

«እሷ ናት። ሌላ ማንን ላምጣ? ያንቺ ጓደኞች በሙሉ ጡረተኛ፣ አጎቴ ነጋዴ፣ መምህርቷ ተይዛለች። ብዙ ቀን አሰብኩበት። በመጨረሻ እሷ ብቻ ቀረች።»

በዚያው መንገድ ነው የሄደችው። እኔ ድንጋዬ ላይ የደረስኩበት ቦታ፣ እሷ ቀድማኝ ደርሳ ተመልሳለች። ጎበዝ ናት፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

ወንድሜ ቤት አልሄድኩም። ኪራዩን አሁን የምትከፍለው እሷ ናት፤ ማን ከፈለ ማለት በቤታችን ክልክል ይመስል ማናችንም አናነሳውም። ጠዋት በጨለማ ትወጣለች፣ ማታ ደክሟት ትገባለች። «አክስቴ፣ ሸሚዜን ታጥቢልኛለሽ?» ትላለች በትሕትና። «አክስቴ፣ ቅዳሜ ሁለት የቢሮ ልጆች ይመጣሉ፣ የሆነ ነገር ትሠሪያለሽ?» ትላለች። አጥባለሁ፤ እሠራለሁ። በሩን በራሴ ቁልፍ እከፍታለሁ፤ የምከፍተው ግን እሷ ከመግባቷ በፊት ምድጃው እንዲሞቅ ነው። ከደብረ ብርሃን የሸሸሁት ሥራ ቀበና ድረስ ተከትሎኝ መጣ፤ ልዩነቱ የማገለግላት ልጅ የምትወደኝ መሆኗ ነው። ለወንድሜ ሚስት እንዲህ ብዬ ብነግራት ትስቃለች።

ያቺ ሴት ደግሞ ለቅሶ ቤት ባገኘችኝ ቁጥር አሁን አጠገቧ ታስቀምጠኛለች። «ታስታውሳላችሁ? ዝናብ ሳይበግራት ልታመሰግነኝ መጣች» ብላ ለሴቶቹ ትናገራለች። ሴቶቹ በአድናቆት ያዩኛል። ጃንጥላዬን በልጅቷ ላከችልኝ፤ አጥፋ፣ በፌስታል ጠቅልላ። ለምን እንደሄድኩ እስከ ዛሬ አታውቅም፣ ልጅቷም አታውቅም። ይህን ካነበቡት የሚያውቁት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው። አፌን ዘግቼ ዕድሜዬን ጨረስኩ፤ አሁን በጽሑፍ መናገሬ ሊከፋቸው ይችላል፣ ይክፋቸው።

ባለፈው ሰሞን ልጅቷ የሙከራ ጊዜዋን ጨርሳ ቋሚ ሆነች። እራት ላይ ነበርን። ደስ ብሏት ስትቀልድ፣

«አሁን እኮ እኔም ለሰው ተያዥ መሆን እችላለሁ» አለችኝ። «ላንቺ ልፈርምልሽ?»

«ለየትኛው ሥራዬ?» አልኳት።

ሳቀች። በልታ ስትጨርስ ሳህኑን ተቀብያት ወደ ጓዳ ገባሁ።